ጥላው የሚወድቅበት ቦታ፦ ሱሉልታ አጠገብ ያለ የአንድ ፈረስ ቤት መብራት እንዴት ታቀደ

የተደወለልኝ ነሐሴ ላይ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ አጠገብ ሲሆን 14 ፈረሶች ያሉበት የግልቢያ ስፍራ ነው። የደወሉት የስፍራው ባለቤት የሆኑ ሴት ነበሩ። «ተጨማሪ አምፖል እንድታስገባልን ፈልገን ነው» አሉኝ። ምን እንደገጠማቸው ስጠይቃቸው ነገሩን ዘርዝረው ነገሩኝ። አንዲት አምባላይ ባዝራ (ሴት ፈረስ) የኋላ ቀኝ እግሯን ከሰኮናዋ ከፍ ብሎ በውስጠኛው በኩል ሽቦ ቆርጧት ኖሯል። ቁስሉ ሳይታይ ሦስት ሌሊት አደረ። ጠባቂው በየምሽቱ ፈትሿታል፤ እግሯንም በእጁ ዳብሷል፤ ግን አላየውም። ሐኪሙ ሲደርስ እግሯ አብጦ ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። ድናለች፤ ኮርቻ የተጫነባት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ በፊት መጋዘን፣ ወፍጮ ቤትና የዶሮ ቤት ሠርቻለሁ፤ የፈረስ ቤት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እዚህ የምጽፈው ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን እንደመሰለ ነው፤ የተሳሳትኩባቸውንም ጨምሬ። የፈረስ ወይም የከብት ቤት የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ መብራቱን የሚያስበው ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። ያንንም የሚለካው በአምፖል ቁጥር ነው። የባዝራዋን ቁስል የደበቀው የአምፖል ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ በግማሽ ቀን ባለቀ ነበር።

ያገኘሁት ቤት

ቤቱ 28 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 10 ሜትር ተኩል ስፋት አለው። መሃሉን 3 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መተላለፊያ ይሰነጥቀዋል። በግራና በቀኝ ሰባት ሰባት ጋጣ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ 3.5 በ3.5 ሜትር ነው። በአንዱ ጫፍ ፈረስ የሚታጠብበትና የሰኮና ብረት (ጫማ) የሚመታበት ክፍት ቦታ አለ፤ ፊት ለፊቱ ኮርቻ ቤቱና መኖ ቤቱ ናቸው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድርቆሹ የሚቀመጠው ከጀርባ በተለጠፈ ሌላ ቤት ውስጥ ነው።

መብራቱ በመተላለፊያው መሃል በሽቦ የተንጠለጠሉ አምስት አምፖሎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ባለ 200 ዋት፣ የድሮው ዓይነት፣ ያለ ክዳን። የሸረሪት ድርና የድርቆሽ ብናኝ ተሸክመው ነው ያገኘኋቸው። እንዲህ ያለ አምፖል ሲበራ መስታወቱ እጅ ከሚያስነካው በላይ ይግላል። ደረቅ ብናኝ ተጣብቆበት ቢጨስ፣ ወይም ፈንድቶ ጭድ ላይ ቢወድቅ 14 ፈረስ ታስሮ ባለበት ቤት ምን እንደሚሆን ማሰቡ ራሱ ይከብዳል። ያን ቀን አምፖሎቹን አውርጄ በጊዜያዊ መብራት ሳልተካ ወደ ቤቴ አልተመለስኩም።

ከማውረዴ በፊት ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሁሉንም አብርቼ በየጋጣው ገባሁ። ፈረሱ መኖ እየጠበቀ ስለሚሆን ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዙሮ ይቆማል። ብርሃኑ የሚመጣው ከፊት ብቻ ነውና ግንባሩና ደረቱ ወለል ብሎ ይታያል። ከሆዱ በታችና ከኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ግን የራሱ ገላ ጥላ ውስጥ ነው። እኔም ለማየት ጎንበስ ስል የኔ ጥላ ተጨመረበት። የብርሃን መለኪያዬን የባዝራዋ ቁስል በነበረበት ቁመት ላይ ስይዘው ከ10 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) በታች አነበበ። እግሯ አጠገብ ተቀምጬ ነገሩ ገባኝ፦ በዚያው መስመር ላይ አምስት አምፖል ብጨምርበት ጥላው እዚያው ይቆያል እንጂ አይጠፋም።

ጠባቂው ሽማግሌ ናቸው፤ ከፈረስ ጋር ያደጉ ሰው። በቁስሉ ምክንያት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ጋሼ፣ እኔም እዚሁ ተቀምጬ አላየሁም» አልኳቸው። ይህን ማለቴ ለማጽናናት ብቻ አልነበረም፤ መለኪያውን አሳየኋቸው።

ውሃ ያልጠጣው ቦራ

በዚያው ምሽት ያልተጠራሁበት ነገር አገኘሁ። በሰባተኛው ጋጣ ያለው ቦራ ፈረስ ከብረት ገንዳው አልጠጣም ይላል፤ በፕላስቲክ ባልዲ ሲቀርብለት ግን ይጠጣል። ሁሉም አመል ነው ብለው ትተውታል። ፈረሱ አፉን ወደ ውሃው ያስጠጋና ደንግጦ ይመለሳል። የሚመለስበት አኳኋን አጠራጠረኝ። በገንዳውና በእርጥቡ ወለል መካከል ስለካ ጥቂት ቮልት አገኘሁ። ከላይ በፕላስተር የተጠጋገነ ሽቦ የጣሪያውን ብረት ምሰሶ ነክቶ፣ ምሰሶው ደግሞ የገንዳውን ቧንቧ ይዞ ነበር። ቤቱ የመሬት ሽቦ አልነበረውም።

ሰው በጎማ ጫማ ቆሞ የማይሰማውን ኤሌክትሪክ ፈረስ ይሰማዋል። የሚቆመው በአራት እግሩ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ ይራራቃሉ፤ ሰኮናው ላይ ብረት አለ፤ ወለሉ በሽንትና በውሃ የራሰ ነው። በዚህ ላይ እርጥብ አፉን ብረት ላይ ሲያሳርፍ መንገዱ ሙሉ ይሆናል። ቦራው ስንት ጊዜ ተጠምቶ እንደቆመ ሳስብ አሁንም ያመኛል። እንስሳ አልጠጣም ወይም አልገባም ሲል አመሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ሽቦውን አስፈትሹ።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ተቀየረ። መብራት ከማሰባችን በፊት አሮጌው ሽቦ በሙሉ ተነቀለ። የመሬት ዘንግ ተቀበረ፤ ገንዳዎቹ፣ ምሰሶዎቹና የብረት በሮቹ ሁሉ ከሱ ጋር ታሰሩ። ብሬከሮቹ ብናኝ ወደማይደርስበት ኮርቻ ቤት ተዛወሩ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያም ተገጠመ። አዲሱ ሽቦ የሚያልፈው በቱቦ ውስጥ ነው። የፈረስ ጥርስና እግር በሚደርስበት ከፍታ ቱቦው የብረት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ የቱቦው አፍም አይጥ እንዳይገባ ተደፍኗል። መኖ ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ደግሞ የሽቦ ልብስ ይቀረጥፋል።

መጀመሪያ ኖራ

ባለቤቷ የመብራቱን ዋጋ ሲጠይቁኝ «እትዬ፣ መጀመሪያ ኖራ ይግዙ» አልኳቸው። ግድግዳው ከጊዜ ብዛት ጠቁሯል። ጥቁር ግድግዳ የመታውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ በኖራ የነጣው ግን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ከፈረሱ ትከሻ በላይ ያለው ግድግዳና የማገሩ ሥር ሁለት ጊዜ ኖራ ተቀባ። አንድ መብራት ሳይሰቀል ቤቱ ሌላ ቤት መሰለ።

ቀጥሎ ጣሪያው። ቤቱ ቀንም ቢሆን ጨለማ ነበር፤ በክረምት ደመናማ ቀን በእኩለ ቀን መብራት ይበራ ነበር። ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ለማስገባት ወሰንን። እዚህ ላይ የውጭ አገር ምክር እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል። የአውሮፓ ባለሙያ መስኮቱን በሰሜን በኩል አድርግ ይላል፤ እሱ አገር የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናትና ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በበጋ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ስለዚህ ጠርዝ ያለው ብርሃን ከየትኛውም ወገን ይመጣል። ጠርዝ ያለው የፀሐይ ቁራጭ መተላለፊያው ላይ ሲወድቅ ደግሞ ፈረስ ጉድጓድ ያየ ይመስል ይዘለዋል ወይም ይቆማል። ያደረግነው ጥርት ያለውን ትተን ወተት መሳዩን ፕላስቲክ በሁለቱም ክንፍ፣ በየጋጣው ላይ አንድ አንድ ማስገባት ነበር። ብርሃኑ ተበትኖ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ ድንበር አይሠራም።

ስሌቱ

ምን ያህል ብርሃን ይበቃል? ለጋጣውና ለመተላለፊያው 100 ሉክስ፣ ፈረስ ለሚታጠብበትና ጫማ ለሚመታበት ቦታ 300 ሉክስ ያዝን። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ ሊሠራው ይችላል። የአንድ ጋጣ ስፋት 12.25 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሉክስ ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነውና፣ በ100 ሲባዛ 1,225 ሉመን ወለሉ ላይ መድረስ አለበት። ነገር ግን ከመብራቱ የወጣው ሁሉ ወለል አይደርስም፤ ግማሹን ግድግዳውና ጣሪያው ያስቀሩታል ብዬ ያዝኩ። ከደረሰውም ላይ ብናኝና የዝንብ ጠብታ እየሸፈነው 30 በመቶ ይቀንሳል ብዬ አሰብኩ። የፈረስ ቤት እንደ ሳሎን አይደለምና ይህን ሳያስቡ ማለፍ አይቻልም። ግማሽ በ0.7 ሲባዛ 0.35 ነው፤ 1,225 ለ0.35 ሲካፈል 3,500 ሉመን ይሆናል። ባለ 20 ዋት ኤልኢዲ 2,000 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለአንድ ጋጣ ሁለት።

በዚሁ መንገድ ለ14ቱ ጋጣ 28፣ በጋጣዎቹ መካከል ላለው መተላለፊያ 12፣ ለማጠቢያው 6፣ ለኮርቻ ቤቱና ለመኖ ቤቱ 4 ወጣ፤ በድምሩ 50 መብራት። ባለቤቷ ቁጥሩን ሲሰሙ ደነገጡ። ነገር ግን 50 ጊዜ 20 ዋት 1,000 ዋት ነው፤ አምስቱ አሮጌ አምፖሎችም 1,000 ዋት ነበሩ። እነሱ አንድ ላይ 15,000 ሉመን ገደማ ይሰጡ ነበር፤ አዲሶቹ 100,000 ይሰጣሉ። ቆጣሪው ላይ የሚመጣው ያው ነው።

የመረጥነው ረጃጅሙን፣ ብናኝና የውሃ ርጭት የማያስገባውን፣ አይፒ65 የተባለውን ነው። ክዳኑ ከመስታወት ሳይሆን በቀላሉ ከማይሰበር ፕላስቲክ ነው፤ ቢሰነጠቅም ጭድ ላይ ስባሪ አይዘንብም። ቀለሙ 4,000 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም ያላደላ ነው፤ ሐኪሙ የድድ ቀለም አይቶ የሚፈርደው በዚያ ብርሃን ነውና። አንድ ተጨማሪ ነገር አጥብቄ ጠየቅኩ፦ ከ100 እስከ 265 ቮልት የሚችል እንዲሆን። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ርካሹ ኤልኢዲ ዓመት ሳይሞላው ይቃጠላል።

ጥላ

የቀረው የት ይሰቀል የሚለው ነው፤ ሥራው በእውነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጋጣው ውስጥ ሁለቱን መብራቶች ከፈረሱ ጀርባ በላይ መሃል ላይ አላደረግናቸውም። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ግድግዳ፣ በ3 ሜትር ከፍታ ፊት ለፊት ሰቀልን። ፈረሱ ወዴትም ቢዞር አንዱ የሚጥለውን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። በመተላለፊያውም የመሃሉ መስመር ቀርቶ በሁለቱ ጠርዝ ስድስት ስድስት ሆነው ተደረደሩ፤ ፈረስ መሃል ላይ ታስሮ ሲጠረግ ሁለቱም ጎኑ ይበራል።

ማጠቢያው የበለጠ አስቸገረን። ጫማ የሚመታው ባለሙያ ጎንበስ ብሎ ሰኮናውን ጉልበቱ መካከል ይይዛል፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ሁሉ ጀርባው ላይ ያርፋል እንጂ እጁ ላይ አይደርስም። «አንድ ደቂቃ ና ያዝልኝ» ብሎ የፈረሱን እግር ሰጠኝና እሱ በሆነው አቀማመጥ አየሁ፤ ምስማሩ የሚገባበት ነጩ መስመር አይታይም ነበር። ምስማር በስህተት ወደ ውስጥ ከዘለቀ ፈረሱ ያነክሳል። ስለዚህ ከስድስቱ አራቱ ከላይ በጎን በኩል ሆኑ፤ ሁለቱን በ1 ሜትር ከ20 ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ አቁመን በብረት ፍርግርግ ሸፈንናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዲት በቅሎ በእርግጫ የግራውን ከነፍርግርጉ ጨፈለቀችው። ብሎኬቱን ቦርቡረን መብራቱን ወደ ግድግዳው ውስጥ ባስገባነው ጥሩ ነበር፤ አሁን እንደዚያ ነው ያለው።

ማብሪያ ማጥፊያውን ለየጋጣው በየራሱ አደረግሁት፤ አንድ ፈረስ ለማየት ሌሎቹን 13 መቀስቀስ አያስፈልግም። ያስቀመጥኩት ግን በሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ነበርና ያ ስህተት ሆነ። ዳማው ፈረስ በሁለተኛው ቀን በከንፈሩ መጫን ተማረ። ሁሉንም ነቅዬ ፈረስ አንገቱን ቢመዝም ወደማይደርስበት አዛወርኳቸው። የመተላለፊያው ከሁለቱም በር ይበራል፣ ከሁለቱም ይጠፋል። ፈረስ የያዘ ሰው በጨለማ ቤቱን አቋርጦ ማብሪያ መፈለግ የለበትም።

ፓውዛው

ትልቁ ስህተቴ ከበሩ ውጭ ነበር። ግቢው እንዲበራ ብዬ በበሩ ላይ ጠንካራ ፓውዛ ወደ ግቢው አዙሬ ሰቀልኩ። በመጀመሪያው ምሽት ከመስክ የሚመለሱት ፈረሶች በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዳማው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የያዘው ልጅ ሊጎትተው ሞከረ፤ ነገሩ ባሰ። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ግራ ገባኝ፤ መንገዱ እንደ ቀን በርቷል። ሽማግሌው ጠባቂ መጥተው «ልጄ፣ እስቲ እሱን ፓውዛ አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። ትንሽ ቆየንና ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

የፈረስ ዓይን በየብስ ከሚኖሩ አጥቢዎች ዓይን ትልልቆቹ መካከል ነው። ከጀርባው ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ አለው፤ ሌሊት የእጅ ባትሪ ሲበራበት የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ፈረስ በጭላንጭል ከኛ የተሻለ ያያል። ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሻገር ግን ዓይኑ እስኪለምድ ከኛ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ፓውዛው ሲመታው የበሩ ውስጥ ለሱ ጥቁር ጉድጓድ ነበር። የማያየው ቦታ ውስጥ አልገባም ማለቱ እንቢተኝነት አይደለም።

ፓውዛውን አወረድኩት። በምትኩ በሁለቱም በር ላይ ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ፣ ከላይ የተከደነ ትንሽ መብራት ተደረገ። ከበሩ ወዲያ ደብዘዝ ያለ፣ በሩ ላይ መካከለኛ፣ ውስጥ ሲገባ ሙሉ ሆነ፤ ፈረሱም በደረጃ ይሻገራል። ከዚያ ወዲህ በር ላይ የቆመ ፈረስ አላየሁም።

ጨለማውም ይታቀዳል

ባለቤቷ ሁለት ባዝራዎች ሊያስወልዱ አስበው ኖሮ «16 ሰዓት መብራት ያስፈልጋቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሌሊትም ይብራላቸው» አሉኝ። የሰሙት እውነት ነው፤ የኛ አገር እውነት ግን አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በብርዱ ወራት ቀኑ በጣም ስለሚያጥር ባዝራ ድንጉላ መፈለጓን ታቆማለች። የእሽቅድምድም ፈረሶች ዕድሜ ደግሞ በሰሜኑ አገሮች በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ስለሚቆጠር አርቢው ውርንጭላው በዓመቱ መጀመሪያ እንዲወለድለት ይፈልጋል። ስለዚህ ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ በመብራት ቀኑን ወደ 16 ሰዓት ያስረዝማል፤ ባዝራዋም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ፀደይ የደረሰ መስሏት ትነሣለች። እኛ ዘንድ የታኅሣሥ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የሰኔው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። የሚረዝም ነገር የለም።

የሚጎድለው ይልቅ ጨለማው ነበር። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ጥልቁን እንቅልፍ የሚተኛው ግን ተጋድሞ ነው፤ ለመጋደም ደግሞ ፀጥታና መተማመን ይፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነጩ መብራት በሙሉ እንዲጠፋ ተስማማን። ለሌሊት ጠባቂው በመተላለፊያው ደካማ ቀይ መብራቶች ሰቀልን። የፈረስ ዓይን ቀይን በደንብ አይለይም፤ ሌሊትን ለገላ የሚነግረውን ሆርሞን በብዛት የሚረብሸውም ሰማያዊው ብርሃን እንጂ ቀዩ አይደለም። ለሌባ የተባለው መብራት ከአጥሩ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሽማግሌው በሁለተኛው ሳምንት ደውለው ቦራው ተጋድሞ ሲያንኮራፋ እንዳገኙት ሲነግሩኝ ድምፃቸው የደስታ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሻማ፣ ኩራዝና ፋኖስ እንዳይገቡ በር ላይ ተጽፏል። ከመተላለፊያው አራት መብራት፣ ከማጠቢያውም ሁለት በባትሪ ላይ ስለተሠሩ ሌሊት ሆዱን የሚቆርጠው ፈረስ ቢኖር ሐኪሙ በጨለማ አይሠራም። በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ልጆቹ መሰላል ይዘው ክዳኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ከስድስት ወር በኋላ ስለካ፣ ያልተጠረገው የመኖ ቤቱ መብራት ከሌሎቹ በግልጽ ደብዝዞ አገኘሁት። የፉርሽካ ብናኝ ነው።

ባለቤቷ በመጨረሻ የጠየቁኝ ለድርቆሽ ቤቱ «አንዲት አምፖል ብቻ» ነበር። ይህን ግን እንቢ አልኳቸው። ተከፉብኝ፤ ግን አስረዳኋቸው። ከውጭ፣ ከመስኮቱ ፍርግርግ ባሻገር፣ በብሎኬቱ ላይ አንድ መብራት ወደ ውስጥ አዙሬ ሰቀልኩላቸው፤ ማብሪያውም ውጭ ነው። ከኋላ የተከመረውን ድርቆሽ ለማውጣት ልጆቹ የግንባር ባትሪ ያስራሉ። ውስጡ አሁንም አንድ ክንድ ሽቦ የለም።